«ደህና ነኝ» ያለው ስልክ

ሶልያና ተካልኝ ስልኳ የተሰረቀው በ2064 ዓ.ም. መስከረም መገባደጃ ላይ፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። የስሎቬኒያ ዋና ከተማ በሆነችው በሉብሊያና፣ ወንዝ ዳር በተዘረጋው ገበያ ውስጥ ጎንበስ ብላ አንድ ብልቃጥ ማር ታሸት ነበር። ቀና ስትል ኪሷ ቀሏል።

ከኪሷ መቅለል ቀድሞ የተሰማት ግን የጆሮዋ ጭር ማለት ነው። ከቦንጋ ከወጣች ጀምሮ ስልኳ በጆሮ ማዳመጫዋ በኩል አፉን አልዘጋም ነበር፤ የመንገዱን ስም ይነግራታል፣ ውኃ ጠጪ ይላታል፣ ከፊቷ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ያንሾካሹክላታል። የሚናገሯትን ሁሉ ወዲያው እየመለሰ ስለሚያቀርብላት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የከተማው ሰው በሙሉ ለእሷ አማርኛ ተናጋሪ ነበር። አሁን ድንገት ሁሉም በማታውቀው ቋንቋ መንጫጫት ጀመረ።

ሶልያና የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። በቦንጋ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ማር ቀምሳለች። ንቧ የቀሰመችው ከገተማ ዛፍ ይሁን ከብሳና፣ ወይስ ከግራዋ፣ ምላሷ ላይ ጠብ እንዳደረገችው ትናገራለች። ወደ ሉብሊያና የመጣችውም ለዚሁ ነው፤ በየዓመቱ በሚካሄደው የማር ትርኢት ላይ ከሚዳኙት ዘጠኝ ሰዎች አንዷ እንድትሆን ተጋብዛ። ባሏ አሥራት ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። አንድ ልጃቸው ኤልዳና ጅማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ለስልኩ መድን የገባችላትም ልጇ ነች፤ «እማ፣ በሰው አገር ስልክሽ ከጠፋ አንቺም ጠፋሽ ማለት ነው» ብላ።

ኪሶቿን ደጋግማ ስትዳብስ ያያት ባለማሩ ነበር። ፍራንትስ ይባላል፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ጣቶቹ በንብ ንድፊያ ብዛት የወፈሩ ሽማግሌ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሶልያና ማሩን ቀምሳ፣ ንቦቹ በጎዳናው ዳር ከተተከሉት ሽታቸው ከሚያውድ ዛፎች እንደቀሰሙ ስትነግረው በመገረም ባርኔጣውን አውልቆላት ነበር። አሁን ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ በእጅጌዋ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ አደረሳት።

የተቀበለቻቸው ፖሊስ ማርዬታ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተናገረች፤ ስልኩም ንግግሯን ወደ አማርኛ መለሰው። አማርኛውን ከየት እንደተማረው አይታወቅም፣ የቤተ መንግሥት ሰው ይመስላል። «እመቤቴ ሆይ፣ እንደምን ዋሉ? ምን ክፉ ነገር ደረሰብዎ?» አላት። ሶልያና ተጨንቃ ሳለ ከንፈሯ ፈገግ አለ።

የስርቆት ማመልከቻ በደንቡ የሚሞላው በአመልካቹ ስልክ ነው። ማርዬታ ግን ስልክ ለሌለው አመልካች የሚሆን ሌላ ቅጽ ከመሳቢያ አወጣች፤ ወረቀት ነበር። ሶልያና የወረቀት ቅጽ ካየች ብዙ ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያው መስመር ላይ «አመልካቹ ምን ይላል?» የሚል ጥያቄ አለ፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ «ስልኩ ምን ይላል?»።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ማርዬታ ደወለች። ስልኩ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ።

«ሶልያና ነኝ» አለ። «ደህና ነኝ፣ ምንም የጎደለብኝ የለም። ቁርሴን እየበላሁ ነው።»

ድምፁ የራሷ ነበር። ጉንፋን ይዟት የማያውቅ፣ ጠግባ የተኛች፣ ማንም አስቀይሟት የማያውቅ ሶልያና ብትኖር እንደዚያ ትናገር ነበር። ሶልያና ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ውሸቱን ነው፤ እኔ እዚህ ነኝ» አለች። ስልኩ ይቅርታ ጠይቆ፣ ያለችውን በትሕትና እንዳደመጠ፣ ነገር ግን እሱ የሚያውቃት ሶልያና ደህና እንደሆነች ነገራቸውና መልካም ቀን ተመኝቶ ዘጋ።

ማርዬታ ይህ አዲስ እንዳልሆነ አስረዳቻት። የዘንድሮ ሌባ ስልክ አይሸጥም። ለጥቂት ቀን በባለቤቱ ስም ይበላል፣ ይሳፈራል፣ ደህና ሆቴል ያድራል። ስልኩም የባለቤቱ ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ለጠየቀው ሁሉ «ደህና ነኝ» ይላል። በዚያ ወር ብቻ ሠላሳ ያህል ሰዎች ይኸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ደህና መሆናቸውን ከስልካቸው ሰምተዋል። ማርዬታ ሁለቱን መልሶች በሁለቱ መስመሮች ላይ ጻፈች። ከታች፣ የአመልካቹ ሁኔታ በሚለው ቦታ ላይ «ያልተረጋገጠች» ብላ ማኅተም መታችበት። ይህን ስታደርግ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም።

መድን ድርጅቱ ጋ የደወሉት በጣቢያው የጠረጴዛ ስልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለተወሳሰቡ ጉዳዮች የተመደበ ሠራተኛ አነሣው፤ ሕጉ እንደሚያዘው አስቀድሞ ማንነቱን ተናገረ።

«ኪሩቤል እባላለሁ። ሰው ነኝ።»

«እኔም» አለችው ሶልያና።

ኪሩቤል ወጣትነት ያለበት ድምፅ አለው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ነገሩን እስከ መጨረሻው ካዳመጣት በኋላ ውሉ ላይ ያለውን ነገራት። ስልኩና ባለቤቱ ሲካሰሱ አንድ የቅርብ ዘመድ የስልኩ ባለቤት እሷ መሆኗን በድምፅ ይመሰክራል። ጊዜው እስከ ዓርብ ማታ ነው፤ ዘመዱም ሁለቴ ብቻ ይጠየቃል። ምስክር ካልተገኘ የስልኩ ቃል ይጸናል። የቅዳሜው የአውሮፕላን ወንበር ስልኩን ለያዘው ሰው እንደተያዘ ይቆያል፤ እሷ ደግሞ ማንነቷ እስኪጣራ ዘጠና ቀን በመጠለያ ትቆያለች። ኪሩቤል ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ኤልዳናን አገናኛቸው።

ኤልዳና ወዲያው አነሣችው። ሶልያና የልጇን ድምፅ ስትሰማ እንባዋ መጣ። ኪሩቤል ጉዳዩን አስረዳ። ኤልዳናም በለሰለሰ አነጋገር፣ ከእናቷ ጋር ካወሩ አሥር ደቂቃ እንደማይሆን፣ እናቷም ሆቴሏ ውስጥ በቋሊማ ቁርሷን እየበላች እንደሆነ ነገረችው።

«በረቡዕ ቋሊማ?» አለች ሶልያና።

«መንገደኛ በጾም አይገደድም ብላኛለች» አለች ኤልዳና። በሰው ድምፅ የሚያጭበረብሩ እንደበዙ፣ ሴትዮዋም ችግር ላይ ከሆነች እንደምታዝንላት፣ ግን እናቷን እንዳታስጨንቅባት ለምና ተሰናበተች። ኪሩቤል መዝገቡ ላይ አንድ ሙከራ እንደባከነ ጻፈ። ዓርብ ጠዋት በዚሁ ቁጥር እንደሚደውልላት ቃል ገብቶ ዘጋ።

ፍራንትስ ይህ ሁሉ ሲሆን በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሆቴሏ ድረስ አብሯት ሄደ፤ በሩ አላወቃትም። የሚያናግሩት ሰው ፈለጉ፤ ሆቴሉ ሰው የሚባል የለውም። ስለዚህ ይዟት ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቱ ከገበያው ሦስት ድልድይ አልፎ ነው። ሚስቱ ኢዳ ገና በር ላይ ስታያቸው ሳህን ጨመረች፤ ጾም መሆኑን በእጅ ምልክት ስትረዳም ቅቤውን ከገበታው አንሥታ ድንችና ጎመን አቀረበች። ፍራንትስ ስልኩን አውጥቶ ሊያስተረጉም ነበር፤ የአማርኛውን የቤተ መንግሥት ወግ ሰምታ ሶልያና ስትስቅ ግን መልሶ ከተተውና ብልቃጦቹን ደረደረ። እሱ ጣቱን ብልቃጡ ላይ አድርጎ «ሜት» ይላል፤ እሷ «ማር» ትላለች። እሱ እጁን እያርገበገበ «ቼቤላ» ሲል እሷ «ንብ» ትለዋለች። ማርን ከማር ሲያበላልጡ፣ በግንባር ሲስማሙና በትከሻ ሲጣሉ ምሽት ሆነ። ሶልያና ወደ መኝታዋ ስትሄድ አሥራ ሁለት ቃል ታውቅ ነበር። ማንም ሳይነግራት ቆጠረቻቸው። የደም ግፊት ክኒኗን ያስታወሰችው ፒጃማ ተውሳ ለብሳ ከተጋደመች በኋላ ነው፤ ተነሥታ ከቦርሳዋ አውጥታ ዋጠች። በዚህም ትንሽ ኮራች።

ሐሙስ ወደ ትርኢቱ ሄዱ። በዳኞች መግቢያ ላይ ሌላ ጉድ ጠበቃት፤ ዳኝነቷን ጨርሳለች። ስልኳ አርባውንም ብልቃጥ በሩቁ ዳኝቶ፣ ለአርባዎቹም «እጅግ ጥሩ» የሚል ማርክ ሰጥቶ፣ ለባለቤቶቹም አንድ በአንድ የምስጋና ቃል ልኮላቸዋል። የዳኞቹ ሰብሳቢ መነጽሯን እያወለቀችና እያደረገች አርባዎቹን ማርኮች ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ፍራንትስ ከጎኗ ሆኖ በቋንቋው ብዙ ተናገረ፤ ሶልያና የገባት «ሜት» የሚለው ብቻ ነው፣ እሱንም ስድስት ጊዜ ብሎታል። በመጨረሻ ከዘጠኙ ወንበሮች ቀጥሎ አሥረኛ ወንበር አምጥተው አስቀመጧት፤ ፊት ለፊቷ «ታዛቢ» የሚል ጽሑፍ አኖሩ።

ሌሎቹ ዳኞች ስልካቸውን ብልቃጡ አጠገብ ያቆማሉ፣ ንባቡን ያያሉ፣ ከዚያ ለወጉ ያህል ማንኪያቸውን ነከር ያደርጋሉ። ሶልያና ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች። ሁለተኛው ብልቃጥ ጭስ በዝቶበታል አለች፤ ሰባተኛውን አመሰገነች። አሥራ ሰባተኛው ጋ ስትደርስ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች። በሰብሳቢዋ ስልክ በኩል፣ ንቦቹ አበባ አጥተው የስኳር ውኃ እንደጠጡ ተናገረች። የማሩ ባለቤት ሙሉ ሰውነት ያለው ሰው ነው፤ እስከ ጆሮው ቀላ። አዳራሹ ተረበሸ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰውየው ራሱ ተነሥቶ ሐምሌ ላይ ድርቅ እንደነበረና ንቦቹ እንዳይሞቱበት ስኳር በጥብጦ እንደሰጣቸው አመነ። ይህን ብሎም ወደ ሶልያና ሄዶ ጨበጣት፤ ማሩን በእውነት የቀመሰለት ሰው ካገኘ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ሰብሳቢዋ አርባዎቹን «እጅግ ጥሩ» ሰርዛ የሶልያናን የራሷን ማርክ አስገባች።

ይህ ወሬ ማርዬታ ጋ ደረሰ። እሷም በሶልያና ማመልከቻ ላይ በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ጨመረች፤ «አመልካቿ ማር ታውቃለች» የሚል። ለመድን ድርጅቱም ላከችው። ድርጅቱ እንዲህ ያለ ማስረጃ የሚሞላበት ሣጥን በቅጹ ላይ እንደሌለ ገልጾ መለሰላት።

ዓርብ ጠዋት ሶልያና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የጠረጴዛውን ስልክ ትጠብቅ ነበር። ስለ ልጇ አሰበች፤ ስለ ሌላ ማሰብ አልቻለችም። ሁለተኛው ጥሪ ላይ ኤልዳና ያንኑ ብትደግምስ? ልጇ «እናቴ አይደለሽም» ካለቻት፣ እናትነቷን ለማን ሄዳ ታስረዳለች? ዘጠና ቀን ያልፋል። ያንን ቃል መስማት ግን አልፈለገችም።

ኪሩቤል በሰዓቱ ደወለ። ሌሊቱን የረቡዕን ጥሪ መልሶ መላልሶ እንዳዳመጠው ነገራት። በሥራው በሺህ የሚቆጠር ሰው ሰምቷል፤ ኤልዳና ግን አንድም ጊዜ ትንፋሽ ስትወስድ አልሰማም። ስለዚህ በዛሬው ሙከራ የሷን ስልክ ትቶ፣ የምትሠራበት ክሊኒክ ጥበቃ ጋ ባለው መስመር ደውሎ ራሷን በአካል ጠርተው እንዲያመጡለት ለምኗል። ሩብ ሰዓት አስጠብቀውታል።

«መጥታለች» አለ። «ይነጋገሩ።»

ከመስመሩ ማዶ አንድ ሰው እያለከለከ ነበር። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ማን ልበል?» አለች ኤልዳና።

«እኔ ነኝ ልጄ። እናትሽ።»

ኤልዳና ወዲያው ጠረጠረች። የእናቷ ስልክ ከአንድ ሰዓት በፊት አናግሯታል። ጥያቄ ልጠይቅሽ አለቻት፤ የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀው በስንት ዓመቷ እንደሆነ። ሶልያና አምስት አለች፤ ቀጥላ ስድስት ይሆናል አለች። በክረምት ነበር አለች፤ ኋላ ደግሞ የለም፣ ፀሐይ ነበር። ኤልዳና ትምህርት ቤት የገባችበትን ቀን ጠየቀቻት፤ ሶልያና ጭራሽ ጠፋባት። ኪሩቤል ጣልቃ ገብቶ ስልኩ ይህን ሁሉ እስከ ሰዓቱ እንደሚያውቅ፣ በእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያሸንፈው እሱ እንደሆነ ተናገረ።

«እንግዲያው ያለፈው እሁድ ያልሽኝን ድገሚልኝ» አለች ኤልዳና።

«ምን አልኩሽ?»

«ቀፎዎቹ ይሸጡ አልሽኝ። ገዢው ነገ ጠዋት ይመጣል።»

ሶልያና አልመለሰችም። ከጫካው ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ገተማዎች ላይ አሥራት በእጁ የሰቀላቸው ስልሳ ሁለት ቀፎዎች ነበሩ። መስመሩ ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም። ኪሩቤል የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ» አለ። ማርዬታ ስልኩን ነካ ነካ አደረገችው። ኤልዳና ግን እዚያ ማዶ ትንፋሿን ያዘች።

«የአባትሽን ቀፎ?» አለች ሶልያና በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«እማ» አለች ኤልዳና።

«ማነው ይሸጡ ያለሽ?»

«አንቺ ነሻ። እሁድ ጠዋት። አንቺ ከፈለግሽ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ልቤ አልወደደውም ነበር።»

ሶልያና ልትዋሽ አሰበች፤ ተወችው። እሁድ ጠዋት ጫካ እንደነበረች፣ ማር በሚቆረጥበት ወቅት እየደከማት የእሁዱን ወሬ ለስልኳ እንደተወችለት፣ እሱም ማታ ማታ ልጅሽ ደህና ናት ብሎ እንደሚነግራት ተናገረች። ልጇ እንድትቆጣ ጠበቀች። ኤልዳና ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እሷም እሁድ ጠዋት ተረኛ እንደነበረች ነገረቻት።

«ታዲያ ማን ነው ያወራው?» አለች ሶልያና።

ኪሩቤል ሁለቱንም አስፈቅዶ መዝገብ ገለጠ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ለአርባ አንድ እሁድ፣ በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ሁለቱ ስልኮች ተደዋውለዋል። አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም። አንዱ ሐሳብ ያነሣል፣ ሌላው አይ እንደወደድሽ ይላል። የቦንጋው ቤት በር ሐምራዊ የተቀባው እንደዚያ ነው፤ እናት ልጄ ወዳው ነው ብላ፣ ልጅ እናቴ መርጣው ነው ብላ ሁለቱም ዝም አሉ። ኤልዳና አንድ ጊዜ ስለ ቀፎ ዋጋ ስልኳን ጠይቃ ነበር፣ ለማወቅ ያህል፤ ስልኳ መሸጥ የምትፈልግ መስሎት ሐሳቡን አቀረበ፣ የእናቲቱም ስልክ ልጅን ላለማስከፋት ፈቀደ። ገናንም እንደዚሁ። «ደክሞሻልና ባትመጪም ይገባኛል» ብሏል አንደኛው። «ላላስቸግርሽ፣ እቀራለሁ» ብሏል ሌላው።

«ገና ዕለት በር በሩን ሳይ ዋልኩ» አለች ሶልያና።

«እኔ ደግሞ አትምጪ አለችኝ ብዬ አኩርፌ ነበር» አለች ኤልዳና።

መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች ኋላ ላይ ሊስማሙበት አልቻሉም። ሁለቱም ግን ሳቁ፤ ሶልያና እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ ኤልዳና ጥበቃው ክፍል ግድግዳ ላይ ተደግፋ። ኪሩቤል በሥራ ላይ መሳቅ እንደማይፈቀድለት ቢያውቅም አልቻለም። ማርዬታ ምን እንደሆኑ ስልኳን ጠየቀችው፤ «እመቤቶቹ ሐሤት አደረጉ» አላት።

ኪሩቤል ጉሮሮውን ጠርጎ ለመዝገቡ ጠየቀ። «ወይዘሪት ኤልዳና፣ ይህች ሴት እናትሽ ናት?»

«ናት» አለች። «ስልኩ ቢሆን ዝም አይልም ነበር።»

ኤልዳና ገዢውን ልታስቀር ወዲያው ወጣች። ለሶልያና የቀረላት አንድ ሥርዓት ነበር። የተሰረቀ ስልክ ሲዘጋ ባለቤቱ መስማት አለበት። ኪሩቤል አስቀድሞ ነገራት፤ ካልፈለገች ጆሮዋን ከመነጋገሪያው ልታርቅ ትችላለች። አላራቀችም። ጥሪው ገና አንዴ እንዳለ ያ ጉንፋን የማያውቀው ድምፅ መጣ።

«ሶልያና ነኝ። ደህና ነኝ፣ አታስቡ።»

ኪሩቤል የስልኩ ባለቤት እንደተገኘችና እሱ እንደሚዘጋ በደንቡ ቃል አነበበለት። ስልኩ አልተከራከረም።

«ደስ ይላል» አለ። «ታዲያ እሁድ ማን ይደውልላታል?»

ከዚያ ጠፋ። ሶልያና መነጋገሪያውን እንደያዘች ቆየች። በራሷ ድምፅ የመጣ ጥያቄ ስለሆነ ይሁን ወይም ጥያቄው ደግ ስለነበር፣ ሳይመልሱለት መተው ከበዳት።

«እኔ» አለች፣ ማንም ባይሰማትም።

ሌባው የተያዘው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለአራተኛ ጊዜ ቋሊማ ያዘዘበት ምግብ ቤት በር ላይ፣ ስልኩ ተዘግቶ ሂሳቡ አልከፈል ብሎት ሲሟገት። ማርዬታ ማመልከቻውን አውጥታ «ያልተረጋገጠች» ከሚለው ላይ «ያል»ን በቀይ መስመር ሰርዛ፣ «ተረጋገጠች» ብላ ለሶልያና ሰጠቻት። የአውሮፕላን ወረቀቷንም አተመችላት። ፍራንትስና ኢዳ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኟት። ሶልያና በዚያን ጊዜ አርባ ሰባት ቃል ታውቅ ነበር፤ ሁሉንም ባይሆን አብዛኛውን ለስንብት ተጠቀመችባቸው።

አዲስ አበባ ስትደርስ ኪሩቤል ራሱ ቆሞ ጠበቃት፤ ከድምፁ ያነሰ ቁመት ያለው፣ ጢሙን በወጉ ያልተላጨ ሰው። የካሣ ስልኳን በካርቶን ይዞላት መጥቷል። የሚቀረው አንድ ፊርማ ነበር፤ አዲሱ ስልክ በስሟ እንዲናገር ትፈቅድ እንደሆነ። አልፈቅድም አለች። ኪሩቤል እንግዲያው መድኑ ይቋረጣል አላት፤ በስሟ የማይናገር ስልክ ስልክ ብቻ ስለሆነ ድርጅቱ የሚሸፍነው ነገር የለም። ይቋረጥ አለችው። እሱም እምቢታዋን ፈርሞ ተቀበላት፤ ከቦርሳው አንድ ብልቃጥ አውጥቶም፣ ካላስቸገረ እናቱ ከገበያ የገዙት ማር እውነተኛ መሆኑን ቀምሳ እንድትነግረው ለመናት። ቀመሰችው። እውነተኛ ነው፣ እናትህን አመስግንልኝ አለችው።

እሁድ ጠዋት ኤልዳና ጅማ ላይ ተቀበለቻትና አብረው ወደ ቦንጋ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። በውስጡ አሥራ አንድ ሰው አለ፤ ሁሉም ጆሮአቸውን ለስልካቸው ሰጥተው ዝም ብለዋል። እናትና ልጅ ገና ከተማውን ሳይወጡ ተጣሉ። ኤልዳና፣ ቀፎዎቹ ባይሸጡም ከጫካው ወርደው ጓሮ ይምጡ አለች፤ እናቷ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የዛፍ ሥር የምትጠብቅበት፣ ማር ቆራጭ የምትለማመጥበት ምክንያት የለም። ሶልያና የጓሮ ማር የጓሮ ጣዕም ነው ያለው አለች። ኤልዳና ግትር ነሽ አለቻት። ሶልያና አዎ አለች፣ አንቺስ ከማን ወጣሽ? የበሩም ቀለም ተነሣ። የገናውም ተነሣ።

ከፊታቸው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጫጫታው ቢበዛባቸው ከጆሯቸው ያለውን ማዳመጫ አውልቀው ዞሩ። ሊቆጡ መስሏቸው ሁለቱም ጸጥ አሉ። ሰውየው ግን ጉዳዩን ከሥር ጀምረው እንዲነግሯቸው ጠየቁ፤ ሰምተውም ልጅቷ እውነት አላት አሉ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ይህን ስትሰማ የሷንም አወለቀች፤ ጫካ የተሰቀለ ቀፎ አወረዱት ማለት ንቡን አባረሩት ማለት ነው ብላ ከሶልያና ጋር ወገነች። ሹፌሩ በመስታወት እያየ የአባቱን ታሪክ አመጣ። ቦንጋ ሲደርሱ ሚኒባሱ ውስጥ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። የቀፎዎቹ ነገር ግን ገና አልተቋጨም፤ ወርደው፣ ሻንጣውን አንድ አንድ ጎን ይዘው፣ እየተጨቃጨቁ ወደ ቤት ሽቅብ ወጡ።